ወሬኛዋ ልጅ ዝም ስትል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር በረሃ ላይ ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን ልንቆይ ነው። ልጆቹ የ6 እና የ11 ዓመት ናቸው። በሁለተኛው ቀን ከሰፈርንበት ወደ ሸለቆ የሚወርድ፣ ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር የሆነ የእግር መንገድ መርጠናል። ቁርስ በልተን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እንነሳለን ብለናል። ትንሹ ውሃ ጠጣ ሲባል አፉን ብቻ አርጥቦ ይመልሳል። ባለቤቴ ደግሞ “ልጅ አይደክመውም፤ የምንደክመው እኛ ነን” ይለኛል። ልመነው? ውሃስ ስንት ሊትር እንያዝ?
ልቧ ያልረጋ እናት

መልስ፦ ባለቤትዎን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ እሳቸውን ነበርኩ።

ልጄ ያኔ 7 ዓመቷ ነው። የእኛም መንገድ ወደ ታች የሚወርድ ነበር። እየሮጠች ወረደች። “ቀስ በይ” እያልኩ ስደርስባት ሸለቆው ግርጌ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትስቅብኛለች። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ዳገቱ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ገና ግማሹን ሳንወጣ ልጅቷ ዝም አለች። ይህቺ ልጅ እኮ በእንቅልፏ እንኳ የምታወራ ናት። ያኮረፈች መስሎኝ “በይ በርቺ” እያልኩ ገፋሁ። ዞር ብላ አይታ ያስቆመችን እናቷ ናት። የልጅቷ ፊት ገርጥቷል። ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል። አለት ጥላ ሥር አስቀመጥናት። ሻርፕ በውሃ ነክረን አንገቷ ላይ ጠመጠምን፣ በትንሽ በትንሹም አጠጣናት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከዚያ አልተነቃነቅንም።

ስለዚህ አይመኗቸው። ልጅ ጉልበቱን አይቆጥብም እንጂ ይደክመዋል፤ ሮጦ ሮጦ በአንዴ ነው የሚዘረጋው። ደግሞም የልጅ ቆዳ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ሰፊ ነው። አየሩ ከሰውነት ሙቀት በላይ ሲሆን ከእኛ ቀድሞ ይግላል። አየሩ 40 ዲግሪ በሆነበት ቀን አሸዋው ከ60 ሊያልፍ ይችላል። የትንሹ ልጅዎ ፊት ከእርስዎ ፊት ይልቅ ለዚያ ምጣድ ይቀርባል።

አሁን ወደ ዕቅዱ። 4 ሰዓትን ይርሱት። በዚያ ሰዓት ተመልሳችሁ ድንኳን ጥላ ሥር መጋደም አለባችሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሱ። ቁርሱን መንገድ ላይ ይብሉት። 10 ኪሎ ሜትሩም ለስድስት ዓመት ልጅ ብዙ ነው፤ ግማሹ ይበቃል። የሸለቆ መንገድ ክፋቱ ቀላሉን አስቀድሞ መስጠቱ ነው። ቁልቁል አንድ ሰዓት የወሰደ ሽቅብ ሁለት ሊወስድ ይችላል፤ ያውም ሲደክማችሁና ፀሐይ ስትበረታ። አራት ሰዓት ካላችሁ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የትም ብትሆኑ ፊታችሁን አዙሩ።

ውሃ፦ በሙቀት የሚሄድ አዋቂ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይፈልጋል። የልጆቹ ያነሰ ነው። ለአራታችሁ፣ ለአራት ሰዓት፣ 10 ሊትር ብትይዙ አይበዛም። 10 ሊትር ማለት 10 ኪሎ ነውና ተከፋፈሉት። አንድ ሰው ብቻ ተሸክሞት ቢወድቅ ወይም ቢፈስበት ሁላችሁም አለቃችሁ። ድንኳኑ ጋም ሌላ ይቅር። ጨው ያለበት የሚበላ ነገርም አይርሱ፤ ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ውሃ ብቻ መጋት ራሱ ያሳምማል።

ትንሹ የማይጠጣው ውሃው ስለሚሞቅ ሊሆን ይችላል። የእኔዋ እንደዚያ ነበረች። አንድ ካልሲ (ንጹሕ!) በውሃ ነክረው ጠርሙሱን ያልብሱት። በደረቅ አየር ካልሲው ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ውሃውም ይቀዘቅዛል። ልጆች ካልሲ የለበሰ ጠርሙስ ሲያዩ ይስቃሉ፤ ከዚያ ይጠጣሉ። “ጠማህ?” ብለው አይጠይቁት። በየ15 ደቂቃው ቆማችሁ ሁላችሁም ተጎንጩ። ሽንቱ ከጠቆረ አልጠጣም ማለት ነው።

ልጅ መንገዳገድ፣ የማይገናኝ ነገር መናገር ከጀመረና ሰውነቱ ከጋለ ግን ነገሩ ድካም አይደለም። ወዲያው እርዳታ ጥሩ። ጥላ ሥር አድርጋችሁ ያላችሁን ውሃ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡለት። ራሱን በደንብ ካላወቀ በአፉ ምንም አትስጡት።

ስለ ድንኳኑ አልጠየቁኝም፣ ግን ልናገር። የደረቀ ወንዝ አሸዋው ለስላሳ፣ ሜዳው የተደላደለ ነው። ያጓጓል። እዚያ እንዳትተክሉ። ዝናቡ እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። ጠዋት ጫማ ከመልበሳችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ፤ ጊንጥ ጫማ ውስጥ መደበቅ ይወዳል። ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና ወፍራም ልብስ ያዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሉለት። ከጠፋ ባለበት ቆሞ ሦስት ጊዜ ይንፋ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓቱን ለትልቁ ልጅ ስጡት። የመመለሻዋን ደቂቃ የሚጠብቀው እሱ ይሁን። ባለፈው ጉዞ ለልጄ ሰጠኋት። “አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ያቺን ጥግ እንያት” ብዬ ለመንኳት። “አባዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል” አለችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ዳገቱን ጀመረች። መንገዱን ሙሉ ስታወራ ነበር።