ጠዋት ደህና ነኝ፣ ማታ ዓይኔ ይከደናል

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ጠዋት ደህና እነሳለሁ። ወደ ማታ ግን የግራ ዓይኔ ቆብ ይወርዳል፤ አንዱ ነገርም ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ሰሞኑን ደግሞ እራቴን ሳልጨርስ መንጋጋዬ ይዝላል። ደም ተመርምሬ ምንም ስላልተገኘ «ጭንቀት ነው» ተባልኩ። እውነት ጭንቀት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጭንቀት ሰውን ያደክማል። ሰዓት ጠብቆ የዓይን ቆብ መጣል ግን የጭንቀት ጠባይ አይደለም። ሲሠሩበት የሚዝል፣ ሲያርፍ የሚበረታ ጡንቻ ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለውን ሕመም ያስጠረጥረኛል። ታማሚው ጠዋት ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደህና ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል። እባክዎ ማታ ቆቡ ሲወርድ ፊትዎን በስልክዎ ይቅረጹና ለነርቭ ሐኪም ያሳዩ።

ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። በዚህ ሕመም የገዛ ራሳችን የሰውነት መከላከያ፣ ጡንቻው ላይ ያሉትን የዚህን ንጥረ ነገር ተቀባዮች ያጠቃል። ነርቩ ያዛል፤ ጡንቻው ግን ትእዛዙ በደንብ አይደርሰውም። ሕመሙ መደንዘዝ የለውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

የተለመደው የደም ምርመራ ይህን አያሳይም። ተቀባዮቹን የሚያጠቁት፣ የሰውነት መከላከያው የሚያመነጫቸው ፀረ እንግዳ አካላት ለብቻው በሚታዘዝ ምርመራ መፈለግ አለባቸው፤ እነሱ ባይገኙም ሕመሙ ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ ላይ እንዲመለከቱ ያደርግዎታል፤ ቆቡ ቀስ እያለ ይወርዳል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ2 ደቂቃ ሲያሳርፍበት ደግሞ ቀና ሊል ይችላል። ከ100 ታማሚ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ደረት ውስጥ ባለው ታይመስ በተባለ እጢ ላይ ዕባጭ ስለሚገኝ የደረት ሲቲ ስካንም ያስፈልጋል።

ደስ የሚለው፣ ሕክምናው ይሠራል። ፓይሪዶስቲግሚን የተባለው መድኃኒት በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡንቻን ያበረታል። ሐኪምዎ ካዘዘልዎ ከምግብ ትንሽ ቀደም ብሎ መውሰዱ ማኘክን ያቀላል። ለብዙዎች የሰውነት መከላከያውን የሚያረግበው ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል፤ ለአንዳንዶች ታይመሱ በቀዶ ጥገና ይወጣል።

አጥብቄ የምለምንዎት ግን መድኃኒት በራስዎ እንዳይገዙ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ጄንታማይሲንና ማግኒዥየም ድክመቱን ሊያብሱ ይችላሉ። ለጥርስም ሆነ ለጉንፋን ሲታከሙ ስለዚህ ጥርጣሬ አስቀድመው ይናገሩ።

መንጋጋዎ መዛል ስለጀመረ ቀጠሮውን ለሚቀጥለው ወር አይግፉት፤ በዚህ ሳምንት ይታዩ። ውኃ በአፍንጫዎ ከተመለሰ፣ ትን ካለዎት ወይም ተኝተው ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ማታም ቢሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።