የሰዓት ማሰሪያ ለማሳጠር የሚበጀው መሣሪያ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጂዳ የምትሠራው ታላቅ እኅታችን ለአባታችን የብረት ማሰሪያ ያለው ሲኮ ፋይቭ ሰዓት ላከችላቸው። አባባ ሰዓቱን እጅግ ወደዱት፤ ሆኖም ማሰሪያው ስለሚሰፋቸው ለዉዱእ እጃቸውን ባነሡ ቁጥር ወደ ክርናቸው እየተንሸራተተ ያስቸግራቸዋል። ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ ሠላሳ ዓይነት ዕቃ የያዘ የሰዓት መሥሪያ ሳጥን እንድገዛ መከረኝ፤ ጎረቤታችን ደግሞ «ቀጭን ሚስማርና መዶሻ ይበቃሃል» አሉኝ። የማንን ምክር ልስማ?
አንባቢ፣ ከደሴ ሆጤ

መልስ፦ ለጊዜው የሁለቱንም ይተዉትና ሰዓቱን ገልብጠው የማሰሪያውን የውስጥ ገጽ በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ፤ መሣሪያውን የሚመርጥልዎ ማሰሪያው ራሱ ነውና። ከመቆለፊያው አቅራቢያ ባሉት ቁራጮች ላይ ትናንሽ ቀስቶች ተቀርጸው ካዩ ቁራጮቹን የያዛቸው ፒን ነው፤ ቀስቱም ፒኑ ተገፍቶ የሚወጣበትን አቅጣጫ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ከመሐል የተሰነጠቀ ፒን ጫፉ ላይ የምትታየው መስመር የብሎን ራስ ትመስላለችና ካቻቢቴ አስገብቶ ለመፍታት ይታገላል። ቀስት እያዩ ካቻቢቴ አያንሡ።

ከዚያ በፊት ግን የሚሞክሩት አንድ ነገር አለ። የብዙ መቆለፊያዎች ጎን በተርታ የተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ በውስጡ ያለውን ሞላ ያለው ዘንግ በቀጭን ነገር ተጭነው ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ቢያዛውሩት ማሰሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጠብቃል። ትርፉ ከአንድ ቁራጭ የሚያንስ ከሆነ ሥራው በዚሁ አለቀ። እነዚህ ቀዳዳዎች በእኛ አገር ልዩ ጥቅም አላቸው፤ በደሴ ብርድ ልክ የሆነ ሰዓት ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገቡ እጅ ያብጥና ይጨንቃል። ስለዚህ ቁራጭ ሲያወጡ ማጥበቂያውንም ማላያውንም እንዲያገኙ ዘንጉን መሐል ቀዳዳ ላይ ያቆዩት።

የአባትዎ ሰዓት እስከ ክርን የሚሸሽ ከሆነ ግን ቁራጭ መውጣቱ አይቀርም፤ ለዚህም ዋናው መሣሪያ ፒን ማውጫ ዘንግ ነው። የማሰሪያ ፒኖች ውፍረት በአብዛኛው ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የማውጫው ጫፍ ከፒኑ በጥቂቱ መቅጠን አለበት፤ ይሁን እንጂ ከመጠን በላይ የቀጠነ ጫፍ ይጎብጣልና ወደ ቀዳዳው ከሚገቡት ሁሉ ወፍራሙን ይምረጡ። የጎረቤትዎ ሚስማር የማይሆነው ከጫፉ ወዲያ እየወፈረ ስለሚሄድ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይቀረቀርና አፉን ያሰፋዋል። የልብስ መርፌ ከዚህ የባሰ ነው፤ ጠንካራ ቢሆንም ስለሚሰበር ስባሪው ፒኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

በገበያ የሚገኘው ጠመዝማዛ እጀታ ያለው፣ አካሉ ፕላስቲክ የሆነ መግፊያ ለአንድ ሰዓት ያገለግላል፤ ዋጋውም አይከብድም። እኔ ግን እንደ ነጋዴው አላሞግሰውም። ጫፉ ከፒኑ ጋር ፍጹም ትይዩ ካልሆነ በመጀመሪያው ጥምዘዛ ይጎብጣል፤ ስለዚህ ትርፍ ጫፎች ከሌሉት አይግዙት። ጠጣር ፒን ሲገጥመው ደግሞ የሚሸነፈው ፕላስቲኩ ነው። ምርጫው የእኔ ቢሆን በአንድ ጥሩ የብረት ማውጫ፣ ማሰሪያውን ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ስንጥቆች ባሉት ማስቀመጫና የነሐስ ወይም የፕላስቲክ ራስ ባለው ቀላል መዶሻ እሠራ ነበር። ማስቀመጫው ካልተገኘ ፒኑ የሚወድቅበት ቀዳዳ የተበሳለት የወይራ ቁራጭ ይተካዋል። ፒኑ ብቅ ሲል የሚስቡበት አፉ ለስላሳ የሆነ ትንሽ ፒንሳ ይጨምሩ። የሠላሳው ዕቃ ሳጥን አብዛኛው የሰዓት ሆድ ለሚከፍት ሰው የተሠራ ነው፤ ለእርስዎ ሳጥን ማሞቂያ ነው የሚሆነው።

ፒኑን በቀስቱ አቅጣጫ ያውጡት፤ ሲመልሱት በወጣበት በኩል፣ ከቀስቱ ተቃራኒ ያስገቡት። የተሰነጠቀው ጫፍ መጨረሻ ይገባል። በአንዳንድ የሲኮና የሲቲዝን ማሰሪያዎች ደግሞ ፒኑን አጥብቃ የምትይዘው ቁራጩ መሐል ያለች ደቃቅ ቱቦ ናት። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው፦ የአጎቴን ሰዓት ለማሳጠር ቡና በተፈላበት ቤት፣ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጬ ፒኑን ስገፋ ቱቦዋ ሳትታወቀኝ ወርዳ ቄጠማው ውስጥ ገባች። ከአቦል እስከ በረካ ቄጠማውን በእጄ ስፈትሽ ቆይቼ አላገኘኋትም፤ ያለ እርሷ ፒኑ በጣት እየተገፋ የሚወጣ ሆነ። እርስዎ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው፣ ከፍ ያለ ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ይሥሩ።

ቁራጮቹን ከመቆለፊያው ግራና ቀኝ እኩል ያውጡ፤ ቁጥራቸው ጎዶሎ ከሆነ ትርፉን ከ6 ቁጥር በኩል ቢያወጡት መቆለፊያው ከእጅ አንጓ በታች መሐል ላይ ያርፋል። ማሰሪያው ተቆልፎ ትንሿ ጣት በሥሩ ከገባች ልክ ነው። የወጡትን ቁራጮች ከነፒናቸው ከሰዓቱ ካርቶን ጋር ያስቀምጡ፤ ሰዓቱ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይፈለጋሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ማሰሪያ ቀስት የለውም፤ በጎኑ የብሎን ራሶች ይታያሉ። በመነጽር ካቻቢቴ ብሞክር አንዱ ራስ ተላጠ። ምን ላድርግ?
አንባቢ፣ ከወልድያ

መልስ፦ ካቻቢቴው የጠበበ ወይም ጫፉ የሳሳ ነበር ማለት ነው። የእነዚህ ብሎኖች ካቻቢቴ ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ጫፉ የብሎኑን ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር መሙላት አለበት። ራሶቹ በሁለቱም ጎን ከሆኑ አንዱን የሚይዙበት፣ ሌላውን የሚፈቱበት ሁለት ካቻቢቴ ያስፈልግዎታል። አልላቀቅ ያለው ብሎን በፋብሪካ ሙጫ ተቀብቶ ሊሆን ስለሚችል ማሰሪያውን ከሰዓቱ ለይተው በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁትና ወዲያው ይሞክሩ። የተላጠውን ግን አይታገሉት፤ ለሰዓት ሠሪ ይስጡት።