«ውሃችንን ቀድተው ሄዱ፤ ውጤቱን የሚነግረን ጠፋ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አቃቂ፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ልብስ የምናጥበውም፣ ሲቸግረን የምንጠጣውም ከግቢያችን የእጅ ጉድጓድ ነው። ሚያዝያ ላይ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተው ከጉድጓዱ በጠርሙስ ቀዱ። አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ የሆነ ፈሳሽ ጠብ ሲያደርጉ አይቼ ደነገጥኩ። ነሐሴ ላይ ተመልሰው መጥተው ያንኑ አደረጉ። ባለቤቴ «ከእንግዲህ በሩን አትክፈቺላቸው፤ በእኛ ውሃ ዲግሪ ይይዙበታል፣ እኛ ምን አገኘን?» ይላል። እኔ ደግሞ የአምስት ወር ሕፃን ታቅፌያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሕፃኑ። ከዚያ ጉድጓድ ምንም አይስጡት፤ የዱቄት ወተትም አይበጥብጡበት። እስከ ስድስት ወር ጡትዎ ብቻውን ይበቃዋል። ጡት የማይጠባ ከሆነ ወተቱን የቧንቧ ውሃ አፍልተው ያዘጋጁለት፤ በፈረቃው ቀን ለእሱ የሚሆነውን ለብቻው በንጹሕ ጀሪካን ያስቀምጡ።

እንዲህ የምልዎ ናይትሬትን ፈርቼ ነው። ከሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ከከብት በረትና ከማዳበሪያ እየሰረገ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይገባል፤ ቀለምም ሽታም ስለሌለው በዓይን አይለይም። በሕፃን ሆድ ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጥና ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ የልጁ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል። በውሃ ላቦራቶሪ በሠራሁበት ዘመን ከእናቶች አዘውትሬ የምሰማው «እኔ እኮ አፍልቼ ነው የምሰጠው» የሚል ነበር። ማፍላት ተህዋስያንን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም በቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ውሃ አጋር (ክሎሪን) መጨመርም አያስወግደውም።

እናንተ አዋቂዎቹ ከጉድጓዱ መጠጣት ግድ ሲሆንባችሁ አፍሉት። እኛ ያለንበት ከፍታ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሙሉ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ።

ያስደነገጠዎት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ ሳይሆን አይቀርም። የገባውም ጠርሙሱ ውስጥ እንጂ ጉድጓዱ ውስጥ አይደለም። እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች ውሃው ላቦራቶሪ እስኪደርስ ድረስ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ አሲዱ ሟሙተው እንዲቆዩ ያደርጋል። ካለበለዚያ መሣሪያው ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያነባል። የተህዋስያን ጠርሙስ ግን ሌላ ነው፤ አሲድ አይገባበትም፣ በበረዶ ሣጥን ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ተማሪዎቹ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ቡና ሲጠጡ ካዩ ይቆጧቸው።

ሁለቴ መምጣታቸውም አግባብ አለው። በበጋ ወንዙ ይመነምንና የኬሚካሉ መጠን ይጎላል፤ በክረምት ደግሞ ጎርፉ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ይዞ ስለሚወርድ ተህዋስያን በአንድ ጊዜ ይበዛሉ። የሚያዝያን ብቻ የያዘ ጥናት ስለ ነሐሴ ሊነግርዎ አይችልም።

አቃቂን ዩኒቨርሲቲዎች የሚመላለሱበት በከንቱ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካዎችንም ጭምር፣ ይዘው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከተገናኙ በኋላ ወደ አዋሽ ይገባሉ። ከመሬት በታች ያለው ውሃም በጥቅሉ ከእንጦጦ በኩል ወደ እናንተ ወደ ደቡብ ነው የሚፈሰው። አለቱ እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ስንጥቅ የበዛበት ነው፤ ቆሻሻ በስንጥቁ ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ሽንት ቤትዎ ከጉድጓዱ 30 ሜትር ቢርቅም የጎረቤትዎ የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። የአንድ ግቢ ጠርሙስ ይህን አይገልጠውም፤ ከብዙ ግቢ ተቀድቶ ካርታ ላይ ሲሰፍር ግን ብክለቱ ከየት እንደሚነሣ መታየት ይጀምራል። በሩን ይክፈቱላቸው የምለው ለዚህ ነው።

የባለቤትዎ ቅሬታ ግን እውነት ነው፤ እኔም ያንገበግበኛል። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ውሃውን የሚጠጣው ሰው ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሲመጡ ባልዲውን ከማውረድዎ በፊት የተማሪውንና የአማካሪ መምህሩን ስም፣ የትምህርት ክፍሉን ስልክ፣ በጠርሙሱ ላይ ለእርስዎ ጉድጓድ የሰጡትን መለያና ቀኑን በወረቀት ያስጽፉ። ውጤቱ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ በአንድ ገጽ እንዲደርስዎ፣ እሱም ተማሪው እስኪመረቅ ሳይጠበቅ እንዲሆን ቃል ያስገቧቸው። የሚያዝያውንና የነሐሴውንም ይጠይቁ። አንድ ቅጂ ለሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይስጡ፤ ጎረቤቶችዎም ያንኑ ቢጠይቁ እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል።

ወረቀቱ ሲመጣ መጀመሪያ ኢ. ኮላይ የሚለውን፣ ሰገራ ወደ ውሃው መግባቱን የሚጠቁመውን ተህዋስ፣ ይፈልጉ፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0 መሆን አለበት። ለናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ አንዳንድ ላቦራቶሪ በናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ አስልቶ «ናይትሬት በናይትሮጅን» ብሎ ይጽፋል፤ በዚያ አጻጻፍ ጣሪያው 11 ነው። 20 የሚል ቁጥር በአንዱ ደኅና፣ በሌላው እጥፍ ሊጠጋ የበለጠ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ አያመስግኑ። ናይትሬቱ ከክሎራይድ ጋር አብሮ ከፍ ካለ ሽንት ቤትን ይጠርጥሩ። አጠቃላይ ክሮሚየም በሊትር ከ50 ማይክሮ ግራም ማለፍ የለበትም። ቁጥሮቹን ገልብጠው ይላኩልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።

ጥያቄ፦ ከቂሊንጦ ነው የምጽፈው። ተመራማሪዎች የአየር መለኪያ ነው ብለው አንዲት ትንሽ ሣጥን ጣሪያዬ ሥር ሊሰቅሉ ጠየቁኝ። ጎረቤቶች ድምፅ ትቀዳለች ይላሉ። ደግሞስ የእኛ አየር ከመሀል ከተማው አይሻልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመሰቀሏ በፊት ክዳኗን ከፍተው ጎረቤቶችዎ ባሉበት ያሳዩዋችሁ። በውስጧ አየር የምትስብ ትንሽ ማራገቢያና የጨረር መብራት አለች፤ ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ሲበትኑት ትቆጥራለች። የምትፈልጋቸው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያነሱትን፣ ሳንባ ውስጥ ዘልቀው የሚገቡትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮ ግራም አይለፍ ይላል።

የዳር ሰፈር አየር ይሻላል ብሎ ማረፍ አይቻልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ከእንጦጦ ዝቅ ወዳለው ወደ እናንተ ሜዳ ይወርድና ሞቃቱ ከላይ ይከድነዋል። የማገዶውም የቆሻሻውም ጭስ መውጫ ያጣል። ኅዳር 12 ሲታጠን ማለዳውን ያስታውሱ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ስንቱን ቤት እንደዘጋ አያቶቻችን ነግረውናል፤ ሰፈር መጥረጉ ይቀጥል። ላስቲክና ጎማውን ግን ከቅጠሉ ለይታችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጡ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ሣጥኗ ከማድቤቱ ጭስ ራቅ ብላ፣ ከመሬት ከ2 እስከ 3 ሜትር ላይ ትሰቀል። ማድቤቱ አፍ ላይ ከሰቀሏት የምትለካው የእናንተን ምጣድ እንጂ የቂሊንጦን አየር አይደለም። በእርጥበትና በጉም ጊዜ ቁጥሯ ከእውነቱ ከፍ ስለሚል በምን እንደሚያርሙት ይጠይቋቸው። የመብራት ቆጣሪውም በእርስዎ ስም ነውና ሣጥኗ የምትፈጀውን ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ ተነጋገሩበት።