ቢጫው አላርም የሚናገረው ስለ መላኪያችሁ ነው

ሰላም ወንድሜ። የፒቢኤክሳችሁ (የድርጅታችሁ የውስጥ ስልክ ማዞሪያ) ኢዋን መስመር፣ ማለትም ከስልክ አቅራቢው የሚመጣው ዲጂታል መስመር ላይ ቢጫ አላርም አልጠፋ ብሎ ካርዱን ሁለት ጊዜ እንደቀየራችሁ፣ ሌሊት ደግሞ የአላርም መልእክት እንቅልፍ እንደነሳህ ጽፈህ የትኛውን ብታጠፋ እንደሚሻል ጠይቀሃል። ማጥፋቱን ለጊዜው ተወው፤ መጀመሪያ ቢጫውን እናንብበው።

ቀይ ሲበራ የእናንተ ፖርት ከማዶ የሚመጣውን ሲግናል አጥቷል፣ ወይም ሲግናሉ እያለ ፍሬሙን (ቢቶቹ በቅደም ተከተል ተደርድረው የሚመጡበትን ጥቅል) መለየት አቅቶታል። ቢጫ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማዶ ያለው መሣሪያ «አልሰማችሁም» እያለህ ነው። ይህን የሚነግርህ በታይም ስሎት ዜሮ (በፍሬሙ የመጀመሪያ ክፍል) ውስጥ፣ አንድ ፍሬም እየዘለለች በምትመጣ አንዲት ቢት ነው። መልእክቱ ደርሶህ መብራቱን ካበራ መቀበያህ እየሠራ ነው ማለት ነው። ጥፋቱን ከእናንተ መላኪያ እስከ እነሱ መቀበያ ባለው መንገድ ላይ ፈልገው።

እኔ ይህን የገባኝ በአንድ የጥሪ ማዕከል ውስጥ ሁለት ቀን ካባከንኩ በኋላ ነው። ካርድ ቀየርን፣ ሶፍትዌር አደስን፣ መስመር አቅራቢውንም ወቀስን። የተገኘው ግን በራሳችን መላኪያ ኬብል ጫፍ፣ ቢኤንሲው (የኮአክሲያል ኬብሉ መሰኪያ) ውስጥ ነበር፤ የመሐሉ ሽቦ በቅጡ አልተያዘም። ኬብሉን ስንነካው መስመሩ ይነሳል፣ ስንለቀው ይወድቃል። ስለዚህ ሌላ ካርድ ከማዘዝህ በፊት ከፖርቱ የሚወጣውን ኬብል እስከ መጨረሻው ተከተለው። የእናንተ ፖርት ባለ 75 ኦም ኮአክሲያል ሆኖ የእነሱ ባለ 120 ኦም ጥምዝ ሽቦ ከሆነ፣ መካከል ባለን (ሁለቱን የኬብል ዓይነቶች የሚያጣጥም ማገናኛ) መኖሩንም ተመልከት።

ከዚያ ሉፕ አድርግ። ኬብሉን ከአቅራቢው ሳጥን ነቅለህ መላኪያውን ከመቀበያው ጋር እዚያው ጫፍ ላይ አገናኘው። ክሎኩን (ቢቶቹ የሚላኩበትን የጊዜ ምት) ለሙከራው ያህል ወደ ውስጥ ክሎክ ቀይረው፤ ካልቀየርከው ፖርቱ የራሱን ምልክት እየተከተለ ሊያወዛግብህ ይችላል። ቀይም ቢጫም ከጠፉ ፖርቱና ኬብሉ ንጹሕ ናቸው፣ ቀሪው የአቅራቢው ነው። በሉፕ ላይ ዲ ቻናሉ (ጥሪ የሚያገናኙ መልእክቶች የሚያልፉበት ቻናል) ባይነሳ አትደንግጥ፣ ከራሱ ጋር መነጋገር አይችልምና።

ሰማያዊ ካየህ ኬብልህን አትንካ። ያ ቢቶቹ በሙሉ አንድ የሆኑበት ምልክት ነው፤ የሚልከው መንገድ ላይ ያለ መሣሪያ ከበስተኋላው የሚመጣው ሲቋረጥበት ነው። በቀጥታ ለአቅራቢው ደውል።

ሲአርሲ ፎር (የቢት ስሕተት መፈተሻው) በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መሆኑን በስልክ ጠይቀህ አረጋግጥ፤ የዚህ አለመመሳሰል መስመሩን ሲያነሳና ሲጥል ሊያድር ይችላል።

ክሎኩን ግን በጥሞና ያዘው፣ ምክንያቱም ምንም መብራት ሳያበራ ሥራ ያበላሻል። ፒቢኤክሱ ክሎኩን ከአቅራቢው መስመር መውሰድ አለበት። ሁለቱም ወገን በየራሱ ክሎክ ከሄደና ልዩነቱ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50) ከደረሰ፣ በመስመሩ ፍጥነት በሰከንድ 2,048 ኪሎቢት ላይ በየሰከንዱ 102 ቢት ያህል ይዛነፋል። አንድ ፍሬም 256 ቢት ነውና በየ2.5 ሰከንዱ አንድ ስሊፕ (የአንድ ፍሬም መዝለል ወይም መደገም) ታያለህ። በንግግር ላይ ጠቅ የምትል ድምፅ ብቻ ናት፤ ፋክስ ግን መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ሰውም ፋክሱን ይራገማል።

አሁን ወደ ሌሊቱ መልእክት። እኔ ቀይ አላርም 2.5 ሰከንድ ያህል ሳይቆይ እንዳይመዘገብ፣ ሲግናሉ ከተመለሰ በኋላም 10 ሰከንድ ሳይረጋ አላርሙ እንዳይጠፋ አደርጋለሁ። ብልጭ ድርግም የሚለው መስመር የሚያዘንበው መልእክት በዚህ ብቻ እጅግ ይቀንሳል። ቀይ ሲመጣ 30ውም የድምፅ ቻናሎችና ዲ ቻናሉ እየራሳቸው እንዳይጮኹ ከሥሩ ደብቃቸው፤ አንድ ኬብል ሲቆረጥ የሚያስፈልግህ አንድ መልእክት ነው። ስሊፕን በየአንዳንዱ ሳይሆን በ15 ደቂቃ ውስጥ በተቆጠረው ልክ አስጠንቅቅ። ምንም ያልተሰካበትን ፖርት ዝጋው፤ ሁልጊዜ ቀይ የሆነ ነገር ዓይን ይለምደዋል።

ሥራ ላይ ያለ መስመር አላርም ግን «ለጊዜው» ተብሎ አይጠፋም። ስለዚህ ነገር አጥብቄ የምናገረው ስላየሁት ነው። የሥራ ባልደረባዬ የመጠባበቂያውን መስመር አላርም በሥራ ጫና ምክንያት አጥፍቶት ረሳው። ዋናው መስመር የተቋረጠ ቀን ወደ መጠባበቂያው ስንዞር ከሞተ ሳምንታት ሆኖታል። ያን ቀን ደንበኛ የሚደውልበት አንድም ቁጥር አልነበረንም። የግድ ማጥፋት ካለብህ ማን፣ መቼ፣ እስከ መቼ እንዳጠፋው በሥራ መዝገባችሁ ላይ ጻፈው፣ ተረካቢውም ይፈርምበት።

ሉፑን ሞክረህ የታየውን ጻፍልኝ፤ የስሊፕ ቆጣሪውንም ዜሮ አድርገህ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንት እንዳሳየ አብረህ ላክልኝ።