የአሮጌ መኪኖች ጥያቄና መልስ፦ በጣርማ በር መንገድ ላይ አያያዛቸው

መላሽ፦ ዛሬ የምመልሰው ስለ ቮልስ፣ ፊያት 124፣ ላዳ፣ ፔጆና ቶዮታ ዲኤክስ አያያዝ ነው። ዋጋ አትጠይቁኝ። የመኪናውን ሞዴል፣ ጎማው ውስጥ ያለውን አየርና ችግሩ የት ቦታ እንደሚታይ አብራችሁ ጻፉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ቮልስ 1300 ነው፣ የ1967። ቁልቁለቱን ስወርድ ኩርባ ውስጥ ነዳጅ ስለቅ ኋላው ይሸሻል። አራቱንም ጎማ 28 አስሞልቻለሁ።

መላሽ፦ በመጀመሪያ አየሩን አስተካክል። የቮልስ ሞተር ኋላ ስለሆነ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ ያረፈው ኋላ ነው። ፊት ከ16 እስከ 18፣ ኋላ ከ24 እስከ 27 ፒኤስአይ ይሞላል፤ ጎማው ሳይሞቅ፣ በጌጅ ተለክቶ። አራቱን እኩል ስታደርግ ፊቱ መንገዱን አጥብቆ ይይዝና ኋላው ይቀድማል።

ሁለተኛው ነገር የኋላ አክስሉ ነው። በዚያ ዘመን ቮልስ ላይ አክስሉ የሚታጠፈው ካንቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጋ ብቻ ነው። ኩርባ መሐል ነዳጅ ስትለቅ የኋላው አካል ወደ ላይ ይነሳል፣ የውጭው ጎማ ታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መንገዱን የሚነካውም የጎማው ጠርዝ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬንም ማርሽም ከኩርባው በፊት ይጨረስ፤ ኩርባው ውስጥ ነዳጁን ቀለል አድርገህ፣ ሳትለቅ ያዝ።

ይህን አድርገህም ካልተሻለው መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመህ ከኋላ እየው። ባዶውን ቆሞ የጎማዎቹ አናት በጣም ወደ ውጭ ከተከፈተ የኋላው ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ብረት) ከልክ በላይ ተነስቷል ማለት ነው። ባሩ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። የውስጡን በአንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የውጩን በአንድ ጥርስ ወደ ሌላው ስታዞር ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው፤ ማስተካከያው ይኸው ነው። ከመፈታቱ በፊት የነበረበት ቦታ ምልክት ካልተደረገበት ግራና ቀኙ እኩል አይወጣም። አሞርዛተሮቹንም (የሞላውን ንዝረት የሚያበርዱትን) አብረህ አሳይ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ቮልስ ድሮም ለዚህ ቁልቁለት አይሆንም። ላዳ ይግዛ።

ከአንኮበር፦ አይሆንም ትላለህ? የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ የመኪና ውድድር በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈው ማን ሆነና!

ከሸዋ ሮቢት፦ ፔጆ 404 በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸንፏል። አራት ጊዜ ነው።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ወንድማችን የጠየቀው ይህን አይደለም። ሳፋሪ የሚገባ መኪና ቴስቲናው (የመሪ ዘንጎቹ መገጣጠሚያ)፣ አሞርዛተሩና ጎማው ተሟልቶ ነው የሚሰለፈው። የናንተስ እንደዚያ ነው ወይ? ወደ ጥያቄው።

ከእነዋሪ፦ ከአሮጌ መኪና የቱ ይሻላል?

መላሽ፦ ለምን ሥራ? በየትኛው መንገድ? ጥያቄው ሲሟላ እመልሳለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ላዳ 2101 እና ፊያት 124 አንድ መኪና ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

መላሽ፦ መሠረታቸው አንድ ነው። ፊያት 124 በ1966 ወጣ፤ ላዳው በ1970 ከእርሱ ተሠራ። ግን የላዳው ቆርቆሮ ወፍራም ነው፣ ከመሬት ከፍ ይላል፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ነው፣ የኋላ ፍሬኑም በዲስክ ፋንታ ታምቡር ነው። ክብደቱ በ100 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። አስፋልት ላይ፣ ኩርባ ውስጥ 124 ቀላል ነው፤ እጅህን ይታዘዛል፣ መንገዱንም በመሪው ይነግርሃል። ወደ መንዝ ጠጠር ከሆነ ላዳውን እመርጣለሁ።

የላዳ መሪ ጨዋታ አለው ብላችሁ የምትጽፉልኝ ብዙ ናችሁ። ጎማውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ጎማው ሳይዞር መሪው የሚሄደውን በመሪው ዳር ላይ ለኩ፦ እስከ 20 ሚሊሜትር ጤነኛ ነው። ከዚያ ካለፈ በመጀመሪያ ቴስቲናዎቹ፣ ቀጥሎ በግራው በኩል ያለው የመሪ ክንድ አቻ የሆነው የቀኙ ክንድ ቡሽ፣ በመጨረሻ የመሪ ሳጥኑ ይታይ። መካኒኩ ቀድሞ የሳጥኑን ብሎን ካጠበቀ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ ሳጥኑም ቶሎ ይበላል።

ከአጣዬ፦ ዲኤክስ ደብረ ብርሃን ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበትም የለው።

መላሽ፦ ሞተር ዋና ሥራዬ አይደለም፤ ባጭሩ፦ በ2,800 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሩብ ያህል ጉልበት መጥፋቱ የካርቡሬተር መኪና ባሕርይ ነው። ጭሱ ግን ከነዳጅ መብዛት ነው። የአየር ማጣሪያውን፣ ቾኩ ሙሉ መከፈቱንና የካርቡሬተሩን ተንሳፋፊ ልክ አሳይ። ጂግለር (የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ) ማሳነስ የመጨረሻው ነው፤ አጣዬ ስትወርድ ነዳጁ ያንሰውና ቫልቩን ያቃጥላል።

ከደብረ ብርሃን፦ ጎማ ስንት አየር ይሞላል?

መላሽ፦ የመኪናው ስም የለም። የቮልሱ ከላይ ተጽፏል፤ አንብብ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ፔጆ 404። ከጣርማ በር ዋሻ ስወርድ የፍሬን ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

መላሽ፦ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 (የዘይቱ ደረጃ ነው) አዲሱ ቢያንስ 205 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 140 ይወርዳል፤ ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ውስጡ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ የሚጫነው እንፋሎቱን ነው። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ አየሩ ከማስተሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው የፍሬን ፓምፕ) ከሚርቀው ጎማ ተጀምሮ ይውጣ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ዋሻ 1,300 ገደማ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ሁለተኛ ማርሽ ከዋሻው አፍ ጀምሮ ይግባ። ፍሬኑን አጥብቀህ ይዘህ ልቀቀው፣ ታምቡሩ ይተንፍስ። እግርህን አሳርፈህ አትውረድ።

ከአንኮበር፦ ለመንዳት ደስታስ ጋሼ? ፔጆ 504 ወይስ ዲኤክስ?

መላሽ፦ 504፣ ያለ ጥርጥር። ሞላው ረጅም ጉዞ አለው፤ ኩርባ ላይ በጣም ያዘነብላል፣ ጎማው ግን ከመሬት አይለቅም። አብዛኛዎቹ አውቶሞቢሎች ላይ የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አይናወጥም። ዲኤክስ ኋላው ቀላልና ድፍን አክስል ነው፣ ሸካራ መንገድ ላይ ይዘላል፤ አሞርዛተሩ ካለቀ ወደ ጎን ይሄዳል። መለዋወጫው ግን እንደ ልብ ነው።

ከደብረ ሲና፦ ጎማዬን አዲስ ብሎ ነው የሸጠልኝ። በምን አውቃለሁ?

መላሽ፦ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ፈልግ። 2315 ካለ በ2015 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖም ይደርቃል፤ በጣርማ በር ጉምና ዝናብ አይይዝም። ሲያረጅ ጎኑና የጥርሱ ሥር ይሰነጠቃል።

ከእነዋሪ፦ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ፍሪ ባደርገውስ?

መላሽ፦ አይደረግም፤ ሁለተኛ ማርሽ ከላይ ተናግሬያለሁ። ፍሪ ሲሆን የመኪናው ክብደት ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ከጋለ በኋላም በዚያ ፍጥነት ማርሽ ማስገባት አትችልም። ሞተሩን ካጠፋኸው ደግሞ ሰርቮ (የፍሬን ጉልበት አጋዥ) ያለው መኪና ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።