ድንጋዩን ከመክሰሳችሁ በፊት ሞላውን እዩ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ እጅ ባትሪ ናቸው። ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። በእኛ ቋንቋ መብራቱም ባትሪ ነው፣ ኃይል የሚሰጠውም ባትሪ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች «ባትሪ» ስል በእጅ የሚያዘውን መብራት፣ «ድንጋይ» ስል ደግሞ ውስጡ የሚገባውን ማለቴ ነው። በቻርጅ የሚሞላውን ሊቲየምም ድንጋይ እለዋለሁ፤ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ወዳለችው ጠረጴዛዬ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

«አባቴ ምድር ባቡር ሲሠሩ ይይዙት የነበረ ባለ ሦስት ድንጋይ የብረት ባትሪ አለኝ። አዲስ ድንጋይ ብከትበትም ብርሃኑ ቢጫና ደካማ ነው፤ ታይዋን ገበያ የሚሸጠው ርካሽ የፕላስቲክ ባትሪ ይበልጠዋል። መልኩ ሳይበላሽ ኤልኢዲ ልግጠምለትና በሚሞላ ድንጋይ ይሥራ ብዬ አስቤአለሁ። ትረዳኛለህ?» (ከከዚራ)

«ትረዳኛለህ» ብለህ ስለጻፍክ ደስ ብሎኛል። አዘጋጃችን የድሬ ሰው ደብዳቤ በደረሰው ቁጥር «ይረዱኛል» እያለ ያርማል። ድሬ ላይ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ስለሌለ ይህን እንዲተወው ለምኜዋለሁ።

ባለፈው ወር የባትሪህን ወንድም የሚመስል ባትሪ ሠርቻለሁ፤ ኒኬል የተቀባ ነሐስ፣ ጎኑ ላይ ተንሸራታች ማብሪያ ያለው። ባለቤቱ እንደ አንተው «አምፑሉ ደክሟል» ብሎ ነበር ያመጣው። አብርቼ በቴስተር ስለካው ሦስቱ ድንጋዮች ጫፍ ላይ 4.1 ቮልት ነበር፣ አምፑሉ እግር ላይ ግን 3.2 ቮልት ብቻ። የቀረው 0.9 ቮልት የት ገባ? የዛገው ሞላ፣ የኋላ ክዳኑ ጥርስና የማብሪያው የነሐስ ምላስ ተካፍለው በልተውታል። ድሮ የፈሰሰ ድንጋይ የተወው ነጭና አረንጓዴ ጨው እዚያ ላይ ተጋግሮ ነበር። በሎሚና በጨው አሸሁት፣ በውኃ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት፣ ሞላው የሚነካቸውን ቦታዎች በብርጭቆ ወረቀት አበራኋቸው። ያው አሮጌ አምፑል ወዲያው ነጣ አለ። እስከዚህ ድረስ ያወጣሁት የአንድ ሎሚ ዋጋ ነው።

ይህን የማስቀድመው ኤልኢዲ ከተገጠመ በኋላ ጥፋቱ ስለሚብስ ነው። ያ አምፑል የሚስበው ግማሽ አምፔር ገደማ ነው። ኤልኢዲው የበለጠ አምፔር ከሳበ በዚያው ዝገት ላይ የሚቀረው ቮልትም በዚያው ልክ ያድጋል። ስለዚህ እኔ ሞላውን ማጽዳት ብቻ አይበቃኝም፤ ለስላሳ የመዳብ ሽቦ ከሞላው ሥር እስከ ጫፉ እበይዳለሁ። ሞላው የመግፋት ሥራውን ይሠራል፣ ኮረንቲው በመዳቡ ያልፋል። ሽቦው ሞላው ሲጨመቅ እንዳይወጠር ላላ ይበል።

አሁን ወደ ኤልኢዲው። ነጭ ኤልኢዲ የሚፈልገው 3 ቮልት አካባቢ ነው። ሦስት ደረቅ ድንጋይ 4.5 ቮልት ይሰጣል፤ በቀጥታ ካገናኘኸው ኤልኢዲው አቅሙን ሳያውቅ ይስብና ይቃጠላል። አምፑል ሲግል ራሱን ይገታል፣ ኤልኢዲ ግን በተቃራኒው ሲግል ይብስበታል። ስለዚህ ልጓም ያስፈልገዋል። ልጓሙ 7135 የሚባለው ትንሽ ባለ ሦስት እግር ዕቃ ነው፤ አንዱ 350 ሚሊ አምፔር ብቻ ያሳልፋል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን 700 ያሳልፋሉ። ለአባትህ ባትሪ ሁለት በቂ ነው። አራት ልግጠም የሚል ፈተና ይመጣብሃል፤ እኔንም መጥቶብኛል። ነገር ግን ብርሃኑ ሁለት እጥፍ ርቆ እንዲታይህ አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልግሃል፣ ሙቀቱና የድንጋዩ ፍጆታ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሄዳል። የድሮው አምፑል ብርሃን ከ10 እስከ 20 ሉመን (የብርሃን መለኪያ ነው) ቢሆን ነው። ጥሩ ኤልኢዲ በ700 ሚሊ አምፔር ከዚያ አሥር እጥፍ በላይ ይሰጥሃል፤ ሌባ ለማሳፈር ይበቃል።

ኤልኢዲውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሚበላው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ሙቀት ሆኖ በጀርባው ይወጣል። ጀርባው ብረት ካልነካ መውጫ የለውም። እኔ ከአሮጌ ብረት ድስት ቂጥ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ አሉሚኒየም እቆርጣለሁ፤ ባትሪው አንገት ውስጥ ተጨንቆ እስኪገባ ድረስ ዳሩን እሞርዳለሁ። ተጨንቆ መግባቱ ግድ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ነሐሱ ገላ የሚሻገረው በዚያ ዳር ብቻ ነው። ከኤልኢዲው በታች ኮምፒውተር ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን የሙቀት ቅባት በስሱ ቀባው፤ እንደ ቅቤ አትለብጠው። አንድ ደንበኛ ለዚሁ ሥራ የ1936ቱን የመዳብ አሥር ሳንቲም ይዞልኝ መጣ። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ ከአሉሚኒየም ይበልጣል፣ እውነቱን ነው። ሆኖም የጃንሆይን ፊት መሰርሰር አልሆነልኝም፤ ሳንቲሙን መልሼ ድስቱን ቆረጥኩለት።

አንጸባራቂው ሳህን የተሠራው ለአምፑል ነው። የአምፑል ክር በሁሉም አቅጣጫ ያበራል፣ ኤልኢዲ ግን ወደ ፊት ብቻ። ስለዚህ የሳህኑን ቀዳዳ ኤልኢዲው አንገቱን እስኪያወጣ ድረስ በክብ ሞረድ አስፋው፣ በመካከላቸውም ከሲጋራ ካርቶን የተቆረጠ ቀለበት አስገባ። ቀለበቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ሳህኑ የኤልኢዲውን የተበየዱ እግሮች ነክቶ እንዳያጋጭ ይከለክላል፣ ከፍታውንም ያስተካክላል። ማታ በአሥር እርምጃ ርቀት ግድግዳ ላይ አብራው። የብርሃኑ መሐል ጥቁር ከሆነ ቦታውን ስቷል፤ አንድ ካርቶን ጨምር ወይም ቀንስ። እኔ ይህን የምሞክረው ጎረቤቴ ግድግዳ ላይ ነው፤ አራተኛው ካርቶን ላይ ስደርስ መስኮት ከፍተው ስሜን ይጠሩታል።

ድንጋዩስ? ትልቁን ደረቅ ድንጋይ የሚያህል ሊቲየም አለ፤ 32700 ይሉታል፣ ውፍረቱ 32 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 70 ነው። ይህ ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሲሆን ቮልቱ 3.2 ነው፤ ለአንድ ኤልኢዲ የተለካ ይመስላል። ከስልክና ከላፕቶፕ ሊቲየም ይልቅ ሙቀት ይችላል፣ እኛ ደግሞ ግንቦት ላይ ጥላ ውስጥ 35 ዲግሪ የምንቆጥር ሰዎች ነን። በብዙ የፀሐይ መብራቶች ውስጥ ያለውም ይኸው ዓይነት ነው። ጥሩው 6000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ በ700 ሚሊ አምፔር ስምንት ሰዓት ገደማ ያበራልሃል። የባትሪህ ሆድ 184 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ የሚቀረውን 114 ሚሊ ሜትር ለውኃ በሚዘረጋው 32 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ሙላው፣ በመሐሉም ከጫፍ ጫፍ ወፍራም መዳብ አሳልፍ። ቧንቧው ያለ ሞረድ ልክ ሲገባ የሚሰማህን ደስታ አልነግርህም።

ሁለት ነገር እንዳትረሳ። አንደኛ፣ የድንጋዩ አዎንታዊ ጫፍ ዙሪያ ያለው ከንፈር አሉታዊ ነው፤ የፊተኛው መገናኛ ሰፊ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ነክቶ ያጋጫል። እዚያም የካርቶን ቀለበት ይግባ። ሁለተኛ፣ በየገበያው ያለው 4056 የሚባለው መሙያ እስከ 4.2 ቮልት ይሞላል፤ ለዚህ ድንጋይ 3.65 ጣሪያው ነው። ለብረት ፎስፌት ተብሎ የተሠራ መሙያ እስክታገኝ ድረስ ድንጋዩን አትግዛ።

አሮጌውን አምፑልና መያዣውን አትጣል። በጨርቅ ጠቅልለህ ቧንቧው ውስጥ ክተተው፤ ባዶ ቦታ አለ፣ መዳቡን ብቻ አይንካ። ልጅህ አንድ ቀን እንደ አያቱ ቢጫውን ማየት ይፈልግ ይሆናል።

«ጀጎል ውስጥ ሱቅ አለኝ፣ ማታ ስዘጋ በጨለማ ነው የምሄደው። ባትሪዬን ኤልኢዲ አስገጥሜ ነበር። ሲበራ ዓይን ያጠፋል፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ሰማያዊ ይሆንና ይደክማል። አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳል። ድንጋዩ ነው?» (ከሐረር)

ድንጋዩ አይደለም፣ ሙቀት ነው። ኤልኢዲ መጠኑን ባለፈ አምፔር ሲነዳና ሲግል ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፣ ከጊዜ በኋላ ግን አይመለስም። የባትሪው ራስ ፕላስቲክ ከሆነ ሙቀቱን ይዞ ይቀመጣል። እኔም በጀማሪነቴ የፕላስቲክ ባትሪ ውስጥ ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ ከትቼ ለአንድ ደንበኛ በኩራት አስረክቤአለሁ። በማግስቱ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ሳህኑ ቀልጦ ወደ ጎን ተጠምዟል። ምንም አልተናገረም፣ አየኝ ብቻ። ገንዘቡን መለስኩ።

ለሠራልህ ሰው ንገረው፤ ልጓም ያግባበት፣ አምፔሩን ወደ 350 ያውርድ፣ ከጀርባው አሉሚኒየም ያድርግ። ብርሃኑ መጀመሪያ ላይ ከአሁኑ ይቀንሳል፤ ሦስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግን ከአሁኑ ይበልጣል። ለጀጎል ጠባብ መንገድ ደግሞ ሩቅ የሚወረወር ብርሃን ምን ያደርግልሃል? ከሳህኑ ፊት አንድ ንብርብር ስስ ነጭ ላስቲክ ብታደርግ እግርህ ሥር ያለውን ድንጋይ በደንብ ታያለህ።

«ልጄ 14 ዓመቱ ነው። የተጣለ የላፕቶፕ ባትሪ እየፈታ ድንጋዮቹን አልጋው ሥር ያጠራቅማል፤ ትልቅ ባትሪ እሠራለሁ ይላል። ልከልክለው ወይስ ልተወው?» (ከሳቢያን)

እህቴ፣ ልጁን አትከልክዪው፣ አልጋውን ከልክዪው። ድንጋዮቹ ዛሬውኑ ክዳን ባለው የሸክላ ወይም የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ጫፍ ጫፋቸው በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ከመኝታ ክፍል ውጪ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጡ። በተለይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁም ሣጥን ላይ እንዳይሆኑ።

ከዚያ ይህን አንብቢለት። ቮልቱ ከ2.5 በታች የወረደ፣ የተቀጠቀጠ ወይም የዛገ ድንጋይ አይሞላም፣ አይሞከርም። ልብሱ የተቀደደ ለብቻው ይቀመጣል። የቀረው እስከ 4.2 ቮልት ይሞላና አንድ ወር ይቀመጣል፤ በዚያ ወር ውስጥ ከጓደኞቹ ተለይቶ የወረደ ይጣላል። ሲሞላ ለእጅ የሚሞቅም ይጣላል። ተኝቶ ወይም ቤት ጥሎ ወጥቶ መሙላት የለም። ድንጋይ ላይ በቀጥታ መበየድ የለም፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል፣ መያዣ ሳጥን ይግዛ። አብዛኛው ድንጋይ በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ ትዕግሥቱም አብሮ ይፈተናል። ወሩን ከጠበቀ ወደ እኔ ላኪው፣ መበየድ አስተምረዋለሁ።

በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት በሞላበት ጊዜ ድሬ የነበረ ሰው ራስጌው ባትሪ ሳያስቀምጥ አይተኛም። ልጁ ለዚህ ቤት የሚጠቅም ነገር ነው የሚሠራው።

«ሁለት ደረቅ ድንጋይ በሚገባበት ባትሪ ሁለት ሊቲየም ብከትስ?» (ስም የለውም)

8.4 ቮልት ለ3 ቮልት አምፑል። አንዴ በጣም ደምቆ ይበራልሃል።

«ባጃጅ እነዳለሁ። ለእጅ ባትሪዬ 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት 18650 ድንጋይ ገዛሁ፤ አንድ ሰዓት አይቆይም። እንዴት ልለይ?» (ከድሬዳዋ)

በዚህ መጠን (ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 65) የተሠራ ጥሩ ድንጋይ ከ3500 ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አትመነው፤ 2600 የተጻፈበት ከ9900ው ይሻላል። ሌላው መለያ ክብደት ነው። እውነተኛው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ከዚያ በግልጽ ይቀላል። ኩሽና ውስጥ ሚዛን የለህም? እኔም የለኝም። መጋላ ወደሚገኝ ወርቅ ቤት ጎራ እላለሁ። ባለፈው ስድስት ድንጋይ ይዤ ብሄድ ሰውየው አንድ በአንድ መዘነና ሁለቱን ወደ ግራ ገፋ፤ 29 ግራምና 31 ግራም። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ «እነዚህ ስንት ካራት ናቸው?» አለኝ።