ልኩን አፈሙዙን ጠይቁት

በቀደም አንድ ልጅ መጣና ራሱ የሠራውን ጥይት መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ጋሼ፣ የጥይት መሥሪያ መጽሐፉ ላይ ባለው ርዝመት ነው የሠራሁት። በካሊፐር ለክቼዋለሁ። ግን ሽጉጡ አልዘጋ አለኝ» አለ። ሳቄ መጣ። በልጁ አይደለም የሳቅኩት፣ በራሴ ነው። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ጥይት ይዤ፣ ይችኑ አቤቱታ እያቀረብኩ አንድ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ነበር። ለልጁ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው። የምጽፈው ሕጉ ፈቅዶላችሁ በከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ለምትተኩሱና ጥይታችሁን በእጃችሁ ለምትሠሩ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ነገሩን እዚሁ ይተወው።

መጀመሪያ በቃላት እንግባባ። ጥይት ስል ሙሉውን ነው። ቀለህ የነሐሱ ቤት ነው። አረር ከፊት የሚሰካው እርሳስ ነው። አፈሙዝ ስል ጫፉን ብቻ ሳይሆን አረሩ የሚያልፍበትን ሙሉ ቱቦ ነው። መጉረሻ የምለው ደግሞ ከአፈሙዙ በስተኋላ ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። ርዝመት ማለት ከቀለሁ ግርጌ እስከ አረሩ ጫፍ ያለው ነው፣ አለቀ።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። የመጀመሪያዬን የእርሳስ አረር ለ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ስሠራ መጽሐፍ ገለጥኩ፣ ቁጥሩን አየሁ፣ ፕሬሱን፣ ማለትም ጥይት መገጣጠሚያ ማሽኑን፣ አስተካከልኩና 200 ጥይት አንድ በአንድ ደረደርኩ። አንዱንም አፈሙዝ ውስጥ አልሞከርኩም። ምን ያደርጋል፣ መጽሐፍ አለ! ተኩስ ሜዳ ሄጄ የመጀመሪያውን ሳጎርስ ስላይዱ፣ ያ ከላይ የሚንሸራተተው የሽጉጡ ክፍል፣ የጥፍር ውፍረት ያህል ሲቀረው ቆመ። በመዳፌ መታሁት። አሁንም ቆመ። ወደኋላ ልስበው ስል እምቢ አለ፣ ታገልኩት፣ በመጨረሻ ቀለሁ ብቻውን ወጣ። አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቸንክሮ ቀርቷል፣ ባሩዱ በሙሉ መሣሪያው ሆድ ዕቃ ውስጥ ፈሷል። የቀረውን ቀን በብሩሽ ባሩድ ስጠርግ ዋልኩ። መዳፍ መምታቱንም አደራ አትልመዱት። ያልዘጋ ሽጉጥ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው።

ምን ነበር የነገረኝ? አፈሙዝ ውስጥ ከመጉረሻው ቀጥሎ አጭር ለስላሳ ቦታ አለ። ከዚያ አረሩን የሚያሽከረክሩት ጠመዝማዛ ቦዮች ይጀምራሉ። የኔ አረር ጎን እነዚያ ቦዮች መነሻ ላይ ደርሶ ተቀርቅሮ ነበር። በፋብሪካ የሚሠራው ባለ መዳብ ልባስ የ9 ሚሊሜትር አረር ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 9.02 ሚሊሜትር ነው፤ የእርሳሱ 9.04 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ከፀጉር ይቀጥናል። ግን ዋናው ቅርፁ ነው። የእርሳስ አረር ብዙ ጊዜ ሙሉ ውፍረቱን እንደያዘ ከቀለሁ አፍ ወጣ ይላል፣ ትከሻ አለው ማለት ነው። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ የትም አይነካም። የሚነካው ትከሻው ነው። ካሊፐር ደግሞ የሚለካው ጫፉን ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ ሁለት አረር በካሊፐር እኩል ሆነው አንደኛው ሰተት ብሎ ይገባል፣ ሌላው ይቀረቀራል።

መጽሐፉ ዋሽቶ አይደለም። መጽሐፉ ላይ ያለው ርዝመት ጸሐፊዎቹ በሞከሩት አረርና በሞከሩበት አፈሙዝ የተገኘ ነው። የእናንተ አፈሙዝ የእናንተ ነው። አንዱ አምራች ያን ለስላሳ ቦታ ረዘም አድርጎ ይሠራዋል፣ ሌላው ያሳጥረዋል። የሲዜድ ሽጉጥ ያላችሁ ይሄን ሳትሰሙ አልቀራችሁም፣ አጭር በመሆን የታወቀ ነው። ለ9 ሚሊሜትር ጥይት የአሜሪካ አምራቾች ደረጃ ትልቁ ርዝመት 29.69 ሚሊሜትር ነው፣ ወፈር ላለው ለሌላው የሽጉጥ ጥይት፣ ለ.45 ኤሲፒ፣ ደግሞ 32.39። ይሄ ጣሪያ ነው። ጣሪያ ላይ ድረሱ ያላችሁ የለም።

ታዲያ ልኩን እንዴት ታገኙታላችሁ? ሽማግሌው ያሳየኝ እንዲህ ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አየ፣ እንደገና አየ፣ ፈታውና አፈሙዙን ብቻ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አደረገ። ከዚያ ባሩድም መቀጣጠያም የሌለው አንድ ጥይት ሠራ፣ ሆን ብሎ ረዘም አድርጎ። ይሄ ባዶ መሆኑ ቀልድ አይደለም፤ ለልክ የሚሠራ ጥይት ነፍስ ሊኖረው አይገባም። አፈሙዙን መጉረሻው ወደ ላይ እንዲሆን ይዞ ጥይቱን ለቀቀው። ድምፅ የለም፣ ለስለስ ብሎ ቆመ። ግርጌው ከፍ ብሏል። አወጣው፣ አረሩን በትንሹ ወደ ውስጥ ገፋው፣ እንደገና ለቀቀው። እንዲህ እያለ አምስት ስድስት ጊዜ ሄደ። በመጨረሻ «ቷ» አለ። የብረት ድምፅ ነው፣ አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም። ያ ድምፅ የቀለሁ አፍ የመጉረሻውን ጠርዝ ሲመታ ነው፣ እንደ 9 ሚሊሜትርና .45 ያሉ ጥይቶች የሚቆሙት እዚያ ጠርዝ ላይ ነውና። ከዚያ በጣቱ አሽከረከረው፤ ዞረ። አፈሙዙን ገለበጠው፤ ጥይቱ በራሱ ክብደት ወደቀ። «ቷ ይበል፣ ይዙር፣ ይውደቅ» አለኝ። ሦስቱንም። ሁለቱን አሟልቶ ሦስተኛውን እምቢ ያለ ጥይት አልፏል አይባልም።

እዚያ ላይ አታቁሙ ታዲያ። ያገኛችሁት ልክ ለዚያች አንዲት አረር ነው። እርሳስ ተቀልጦ የሚፈስ ነገር ስለሆነ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል፣ ቆሻሻም አፈሙዝ ውስጥ ይጠራቀማል። እኔ ከሩብ እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ተጨማሪ አሳጥራለሁ። መጽሐፉ 28.8 ያለው የኔ አረር ያኔ ያረፈው 28.1 ላይ ነበር።

አልገባም ሲላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታሳጥሩ፣ መጀመሪያ ምክንያቱን እዩ። ጥይቱን በጥቁር ማርከር ቀቡት፣ መጉረሻው ውስጥ ከትታችሁ በቀስታ አዙሩና አውጡት። ቀለሙ አረሩ ላይ ከተፋቀ ረዝሟል። ቀለሁ አፍ ላይ ከተፋቀ አፉን በደንብ አልዘጋችሁትም፤ አረር ለማስገባት ከፈት ያደረጋችሁት ከፈፍ ገና አልተመለሰም። ቀለሁ ወገብ ላይ በአንድ ጎን ከተፋቀ አረሩ ተጣሞ ነው የተሰካው። ስንቱ ሰው ነው የአፍ ችግርን በርዝመት ሊፈታ ሲታገል ያየሁት።

ማሳጠር ያለ ዋጋ አይመጣምና። እኔ ያን ቀን 199ኙን ቤት ወስጄ ሁሉንም ወደ ውስጥ ልገፋቸው ነበር፣ ሽማግሌው ነው ያስቆመኝ። በ9 ሚሊሜትር ቀለህ ውስጥ አረሩ ከተሰካ በኋላ ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ግማሽ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። አረሩን 1 ሚሊሜትር ስትገፉት ከዚያ ላይ 0.06 ያህል ትወስዳላችሁ፣ ከአሥር እጅ አንዱን ማለት ነው። ያው ባሩድ በጠበበ ቤት ውስጥ ሲቃጠል ግፊቱ ይንራል፣ ያውም ከቦታው መቀነስ በላይ። ስለዚህ ርዝመቱን ከመጽሐፉ ካሳጠራችሁ የባሩዱን መጠን መጽሐፉ ከሚሰጠው ዝቅተኛ ልክ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። እኔ 199ኙን በሙሉ ፈታኋቸው። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፣ አንጀቴ እያረረ።

.45 የምትሠሩ፣ ያ ባለ ስለት ትከሻ አረር ካላችሁ ነገሩ ይቀላል። ትከሻው ከቀለሁ አፍ የአውራ ጣት ጥፍር ውፍረት ያህል፣ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ፣ ብቅ እንዲል አድርጋችሁ ጀምሩ። ከዚያ ያው «ቷ»። ደግሞ ካዝናው ውስጥ ከትታችሁ በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ ሞክሩት፣ በጣም ያጠረ ጥይት አፍንጫው ወደ ታች ይወርድና አልወጣም ይላል።

አንድ ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ልጨምር። የእርሳስ አረር ላይ ቅባት አለ። ዳይ የምለው ፕሬሱ ላይ የሚገጠመውን ቅርፅ ማስያዣ ነው፤ ያ ቅባት አረሩን የሚገፋው የዳዩ እምብርት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጋገራል። መጀመሪያ 28.1 የነበረው ከመቶ ጥይት በኋላ 27.8 ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ማንም ምንም ሳይነካው። ማሳጠር ምን እንደሚያመጣ ከላይ ብያለሁ። እኔ በየሃያው አንዱን እለካለሁ፣ እምብርቱን አውጥቼ በጨርቅ እጠርጋለሁ። አረሩን መስካትና የቀለሁን አፍ ማጥበቅም በሁለት የተለያየ ዳይ ቢሆን ይሻላል፣ አንድ ላይ ሲሆን አፉ ገና እየወረደ ያለውን እርሳስ ይልጠዋል። ማጥበቁም ቢሆን ከፈፉን ለመመለስ ያህል ብቻ ይሁን። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ብትጨምቁት ቀጥኖ ይላላል፤ የላላ አረር ሲጎርስ ወደ ውስጥ ይገባል። አውራ ጣታችሁን ጫፉ ላይ አድርጋችሁ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ጠንከር አድርጋችሁ ግፉት፣ ከዚያ እንደገና ለኩት። ከቀነሰ እንደዚያ የተሠራ ጥይት አይተኮስም። ይሄንንም ታዲያ በባዶው የልክ ጥይት ላይ ነው የምትሞክሩት።

የግሎክ ሽጉጥ ያለው ልጅ ደግሞ አምራቹ ራሱ የእርሳስ አረር እንዳይተኮስበት ስለሚያስጠነቅቅ እዚህ ድረስ ያነበበውን ለሌላ ሽጉጥ ያስቀምጠው። ሲያበቃ እጅ መታጠብ አለ፣ እርሳስ መርዝ ነው፤ ሥራ ጠረጴዛ ላይ መብላት የለም።

ልጁን ያን ዕለት አፈሙዙን አስፈትቼ ማርከር ሰጠሁት። ቀባ፣ አዞረ፣ አወጣ። ትከሻው ላይ አራት የተፋቁ ቦታዎች እኩል ተራርቀው ታዩ። ዝም ብሎ ሲያያቸው ቆየና «ስንት ሠርቻለሁ መሰለህ ጋሼ?» አለኝ። ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የጥይት መፍቻውን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት።